ግድግዳው የፈረደብኝ

ባለፈው ዓመት ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ጎረምሳ ሁላችንንም አልፎ ወደ ፊት ሲሄድ አየሁ። እኔ ደግሞ ፍትሕ ሲጓደል አይቼ ዝም ካልኩ ራሴን ያመኛል። ጃኬቱን ጨምድጄ ያዝኩና «ልጄ፣ እኛ እዚህ የተተከልን እንጨት መሰልንህ? ከኋላ ተሰለፍ!» አልኩት። ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት «ከኋላ!» አልኩ። ሰልፈኛውም አገዘኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደና ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ቆመ። ሁላችንም ደስ አለን። ሩብ ሰዓት ያህል ደስ ብሎን ቆምን። ታክሲው ግን ንቅንቅ አይልም። በኋላ «ሹፌሩ የት አባቱ ገባ?» ብለን መጮኽ ስንጀምር፣ ያ ጎረምሳ ከሰልፉ መጨረሻ እጁን አወጣ።

ይህን የነገርኳችሁ ከወዲሁ እንድታውቁኝ ብዬ ነው። ፍርድ እወዳለሁ። ፍርዱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ አይታየኝም።

ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ባለቤቴ ትቶልኝ ያለፈ ቶርኖ ቤት አለኝ። ቶርኖ የማታውቁ ካላችሁ፣ ብረት እየዞረ የሚላጥበት ማሽን ነው። ድንች ስትልጡ ድንቹ ራሱ እየዞረ ቢላዋው ዝም ብሎ ቢጠብቀው ማለት ነው። ቤቱ ጠባብ ነው። በበሩ ግራ የደምሴ ቶርኖ አለ። ከእሱ ትይዩ፣ ባለቤቴ ይሠራበት የነበረውና እሱ ካረፈ ወዲህ ጆንያ ለብሶ የኖረው ቶርኖ አለ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ የእኔ ነው፤ ወንበሬ፣ ቁም ሣጥኔና ምን እንደያዘ እኔም የረሳሁት አንድ ትልቅ ሣጥን። እኔ ብረት አልነካም። ቁጭ ብዬ አያለሁ። ይህም ሥራ ነው፤ የማያምን መጥቶ አንድ ቀን ይሞክረው።

ደምሴ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮን የሠራ ሰው ነው። ከደረት ኪሱ ካሊፐሩን ነጥሎ አያውቅም። ካሊፐር የብረት ውፍረት የሚለካበት መሣሪያ ነው፤ ደምሴ ግን አንድ ቀን ሁለት ሳንቡሳ ሲለካበት በዓይኔ አይቻለሁ። «ባለሱቁ አሳንሶብኝ እንደሆነ ብዬ ነው እትዬ» አለኝ። እውነትም አሳንሶበት ነበር። ሄጄ አስተካከልኩለት።

አሁን ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ባለቤቴ ያወጣው ሕግ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ብረት ያበላሸ ሰው፣ ያበላሸውን በሽቦ አስሮ፣ በቁራጭ ካርቶን ስሙን ጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። አይቆጡትም፣ አያስከፍሉትም። ይሰቅላል፣ በቃ። የመጀመሪያው ሚስማር ላይ ያለው የባለቤቴ የራሱ ነው። ደምሴ በሃያ ስድስት ዓመት አሥራ አንድ ሰቅሏል። የእኔም አንድ አለ። ነጭ ሽንኩርት ልወቅጥበት ብዬ የተዋስኩት፣ ጫፉን ያበላሸሁት ዘንግ ነው። «እኔ እኮ ሠራተኛ አይደለሁም!» ብዬ ተከራክሬ ነበር። ባለቤቴ «ብረቱ ይህን አያውቅም» አለኝ። ሰቀልኩ።

የልጄ ልጅ ሜሮን ምሕንድስና ተምራ ጨረሰችና አንድ ቀን መጥታ ጆንያውን ገለጠች።

«እማማ፣ የአያቴን ቶርኖ አውቶማቲክ ላድርገው?»

«ምን ልታደርጊው?»

«ራሱን በራሱ እንዲሠራ። ሰው እጀታ አያዞርም። ኮምፒውተር ላይ እጽፍለታለሁ፣ እሱ ይልጣል።»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ይህች ልጅ በእኔ እንደወጣች ያን ቀን አረጋገጥኩ። ፈቀድኩላት።

ሦስት ወር ፈጀባት። እጀታዎቹን ፈታ በየቦታቸው ሞተር ገጠመች። ሞተሮቹን ከአንድ ሣጥን ጋር፣ ሣጥኑን ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ አገናኘች። አቧራ እንዳይነካት ላስቲክ አለበሰቻት። ደምሴ ያን ላስቲክ አይቶ «ሙሽራዋ» አላት፤ ስሟ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያው ቀን ሜሮን እኛን ፊቷ አቁማ አስረዳችን።

«ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት መጀመሪያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቤቷ ማለት መነሻዋ ነው። ከዚያ ተነስታ ነው ሁሉንም ርቀት የምትለካው።»

ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሜሪዬ፣ ሥራ ባየች ቁጥር እናቷ ቤት የምትሮጥ ሙሽራ ከሆነች ይህ ትዳር አይሰነብትም።»

ችግሩ ግን የቦታ ሆነ። ሞተሩና ሣጥኑ ወደ መሐል ገፍተው ስለወጡ በሁለቱ ቶርኖዎች መሐል የቀረው መተላለፊያ ጠበበ። ደምሴ ዞር ለማለት መጀመሪያ ትንፋሹን ማስወጣት ነበረበት። አንድ ጠዋት ጎንበስ ሲል በመቀመጫው ኮምፒውተሩን ነካው፤ ሙሽራዋ ከኋላው ጮኻ ተነሳች። የስድሳ ዓመት ሰው እንደ ድመት ዘሎ ሣጥኔ ላይ ሲወጣ ካየሁ በኋላ፣ ሁለቱ አብረው መኖር እንደማይችሉ ገባኝ።

ሜሮን በቀስታ ጀመረች። «እማማ፣ ጋሽ ደምሴ ቢያርፉስ? የእሳቸውን ቶርኖ ብናወጣው...»

«ደክሞኛል ብዬሻለሁ?» አለ ደምሴ።

«አይ፣ ማለቴ... ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ይህቺን ልብስ ሰፊ አውጪልኝ።»

«ልብስ ሰፊ?»

«ድምፅዋ የስፌት ማሽን ነዋ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ደምሴ እጄ ላይ የኖረ ሰው ነው። ሜሮን ደሜ ናት። ከእኔ ጥግ ላይ ሆኖ ሲታይ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ትርፍ ነገር ቢፈለግ ከሁለቱ ቶርኖዎች በቀር ምንም አይታይም። ስለዚህ ተነስቼ ፈረድኩ።

«ግድግዳው ይፈርዳል! ከዛሬ ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ እዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ የሰቀለ ከዚህ ቤት ይወጣል።»

«ሰውም ማሽንም?» አለች ሜሮን።

«ማንም!» አልኩ። ይህቺን «ማንም» ያልኳትን ቃል በኋላ ብዙ አሰብኳት።

ሽሮ ሜዳ ወፍጮ ቤት ያላቸው አቶ ካሳሁን የሚባሉ ደንበኛችን ለወፍጮዎቻቸው ፒኖች፣ ማለትም አጫጭር የብረት ዘንጎች፣ አዘዙን። ግማሹን ለደምሴ፣ ግማሹን ለሙሽራዋ ሰጠሁ። በሠላሳኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ መጥተው ሊወስዱ ተስማማን።

ውድድሩ ሊጀመር ባለበት ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ሁለቱን ቶርኖዎች እያየሁ ቆሜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ደምሴ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ሙሽራዋ ምንም የላትም። እሱ እየተጠበቀ፣ እሷ ባዶዋን ልትወዳደር ነው! ፉክክር እኩል ካልሆነ ምኑን ፉክክር ሆነ? ባለቤቴ ከቁራጭ ብረት ሞርዶ የሠራት አንዲት ትንሽ መስቀል ነበረችኝ። በጥቁር ክር አሰርኳትና የምሰቅልበት ፈለግሁ። ፊት ለፊት ባደርገው ሜሮን ትስቅብኛለች። ስለዚህ ክንዴን በማሽኗና በግድግዳው መሐል አስገባሁ፤ እዚያ የሚገባ ክንድ በቤቱ ውስጥ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። በዳሰሳ አንዲት አውራ ጣት የምታክል፣ እንደ ብሎን ጥርስ ያላት ጉጥ አገኘሁ። ለመስቀያ ተብላ የተሠራች ትመስላለች። አሰርኩባት። «በይ፣ አሁን እኩል ናችሁ» ብያት ወጣሁ።

የሙሽራዋ የመጀመሪያ ፒን ልክ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን አጠረ። ደምሴ ካሊፐሩን ሁለት ጊዜ ጠጋ አድርጎ ለካውና፣ ሐኪም መጥፎ ወሬ ሲናገር እንደሚያደርገው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ስቀይው» አልኩ።

«ሙከራ ነው እኮ እማማ!»

«ብረቱ ይህን አያውቅም።»

ሰቀለች። በካርቶኑ ላይ «ሙሽራዋ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ በቤቱ ውስጥ የካርቶን ጸሐፊ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መከራ ነው። አንድ ቀን አራት ፒን ልክ ትሠራለች፣ አምስተኛው ያጥራል። አንድ ቀን ጠዋት ደህና ውላ ከሰዓት ትስታለች። ሜሮን መጀመሪያ ያማችው ኤሌክትሪኩን ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ብላ ሌላ ሣጥን አመጣች፤ መተላለፊያው ይባስ ጠበበ። አንድ ጊዜ መብራት መሐል ላይ ጠፍቶ ፒኑ ሲበላሽ «አየሽ! አየሽ!» ብላ ዘለለች። መብራቱ ግን ደህና በሆነበት በማግስቱም ሌላ አበላሸች። ቀጥላ ወለሉን አማች። ማሽኗን በብረት ማንሻ ደግፈን ከእግሯ ሥር ቆርቆሮ ወሸቅን። እኔም ገፋሁ። ቆርቆሮው ገብቶ ስንጨርስ ደህና የነበረው የደምሴ ቶርኖ ተንጋደደ። ለዚያም ቆርቆሮ ወሸቅን።

ከዚያ ሜሮን ደምሴን አማች። «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ሲስሉ ማሽኗ ትንቀጠቀጣለች።»

«ወፍጮ ላይ የሚገጠም ፒን የምትሠራ ማሽን ሳል ካልቻለች ወፍጮውን እንዴት ልትችል ነው?»

«ቢሆንም ውጭ ወጥተው ቢስሉ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ደምሴ ሳል ሲመጣበት በሩጫ ወጥቶ መንገድ ላይ እየሳለ ተመለሰ። ጎረቤት «ደምሴ ታመመ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ መጣ። ሙሽራዋ ማሳጠሯን አልተወችም። እኔም በበኩሌ ነገሩ የሰው ዓይን ነው ብዬ ከመድኃኔዓለም ጠበል በጆግ ይዤ መጣሁ። ሜሮን ሁለት እጇን ዘርግታ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ጠብታ እንዳትነካው! እኔን እርጪኝ!»

እሷን ረጨኋት። ደህና ረጠበች።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ግድግዳው ላይ በሙሽራዋ ስም አሥራ አራት፣ በደምሴ ስም ሁለት ተሰቅሎ ነበር። ሜሮን ከምሳ በኋላ ካቻቪቴዋን አውጥታ ሽቦ መፍታት ጀመረች። ክሳት ፊቷን በልቶታል።

«እርስዎ እንዳሉት ይሁን እማማ፤ ተሸንፈናል» አለችኝ። ሜሮን ስትወደኝ አንቺ ነው የምትለኝ። አንቱ ያለችኝ ቀን ልቧ ተሰብሯል ማለት ነው። «ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ሥራ አለ ብለውኛል። ሰኞ እሄዳለሁ። የአያቴን ቶርኖ እንደነበረ አድርጌ ጆንያውን እመልስለታለሁ።»

ደምሴ ያሸነፈ ሰው አይመስልም ነበር። ጨርቁን ይዞ ማንም ሳይለው የሙሽራዋን ሞተር እየወለወለ ነው። ወለወለ፣ ደግሞ ወለወለ። «ክፉ ሥራ አልነበረም» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደተናገረ ሳይታወቅ።

ሜሮን ዕቃዋን ስትሰበስብ ከሣጥኗ አንዲት ነገር አነሳች። አውራ ጣት ታክላለች። እንደ ብሎን ጥርስ አላት። ጫፏ ላይ ትንሽ መብራት አለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩ።

«ሴንሰር ናት፤ ትርፍ ነች። እንደዚህች ያለችው ከማሽኗ ጀርባ አለች። ቤቷን የምታውቀው በእሷ ነው። ብረት ሲጠጋት ‹ደረስኩ› ትላለች።» ሽቦውን አገናኝታ ካቻቪቴዋን አስጠጋችላት። መብራቷ በራች። አራቀችው፤ ጠፋች። አስጠጋችው፤ በራች።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

መስቀሏ! የብረት መስቀሏ ሴንሰሯ ፊት እየተወዛወዘች ነበር። ሙሽራዋ ቤቷን ፍለጋ ስትመለስ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለች መስቀሏ ጠጋ ስትል «ደረስኩ» ትላለች። ከዚያ ካልሆነ ቦታ ተነስታ ትለካለች። መስቀሏ በሌላ በኩል በተወዛወዘችበት ጊዜ ደግሞ በትክክል ቤቷ ትገባለች። ያች ምስኪን አንድም ቀን አልሳተችም። ቤቷን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።

ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብል ደምሴ ይቀራል፣ ሜሮን ትሄዳለች፣ ሁሉም «ፍርዱ ተፈጸመ» ይላል። ብናገር ደግሞ ሙሽራዋ ነጻ ትወጣና ሁለት የሰቀለው ደምሴ ብዙ የሰቀለ ሊሆን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው በእኔ አንደበት ሊወጣ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ልል ነበር። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር። ከዚያ ያ ሹፌር ትዝ አለኝ፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት «ከኋላ!» ብዬ የዘጋሁበት። ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ እንዴት ዝም ብሎ ያየን እንደነበር ትዝ አለኝ።

«ሜሮን» አልኩ። «ካቻቪቴሽን አስቀምጪ። እጄን ከማሽኗ ጀርባ አስገብቼ የማወጣው ነገር አለ።»

ጥቁር ክሯን ፈትቼ መስቀሏን አወጣኋት። ዘይት ጠጥታለች። በእጄ ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸውና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ እኩልነት ያሰብኩትንም ጭምር። ሜሮን መጀመሪያ መስቀሏን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ ስትስቅ አለቀሰች።

«አንቺ ሴትዮ!» አለችኝ። «ቆርቆሮ ወሽቄ፣ ጋሽ ደምሴን ውጭ አስስዬ!»

አንቺ አለችኝ። ቀለል አለኝ።

የፈታችውን ሽቦ መልሳ ገጠመች። ሙሽራዋ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ተነሳች፣ ላጠች። ደምሴ ለካ። «ልክ ነው» አለ። ሁለተኛው፣ ልክ ነው። አምስተኛው፣ ልክ ነው። አሥረኛው ላይ ካሊፐሩን ኪሱ ከተተና በዓይኑ ብቻ እያየ «ልክ ነው» ይል ጀመር። ደምሴ ሳይለካ ያመነው ነገር ስመለከት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሄዶ የሥራ ልብሱን አወለቀ።

«ምን መሆንህ ነው?» አልኩት።

«ካርቶኑን ያስተካክሉ እትዬ። መብራት ሲጠፋ የተበላሸችው አንዷ ብቻ የእሷ ናት። እኔ ሁለት፣ እሷ አንድ። ፍርድ ፍርድ ነው።»

«አይሆንም!» ሜሮን ተነሳች። «እኔ በዚህ አልቀርም! እማማ፣ ሕጉን ሰርዢው!»

«ሕግ አይሰረዝም» አልኩና እርሳሴን አነሳሁ። አሥራ ሦስቱን ካርቶኖች አንድ በአንድ ገልብጬ በጀርባቸው ስሜን ጻፍኩ። መስቀሏ ጥፋት የለባትም፤ የሰቀላት እጅ ነው። ጽፌ ስጨርስ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ደምሴ ሁለት። ሙሽራዋ አንድ። እኔ አሥራ ሦስት።

«ሜሮን፣ ምን ነበር ያልኩት?»

«ብዙ የሰቀለ ከዚህ ቤት ይወጣል።»

«ማን?»

ልጅቷ ሊገባት ጀመረና አፏን በእጇ ያዘች። «ማንም» አለች።

ለመኑኝ። ደምሴ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር፤ ቦታው ስለጠበበ አልተቻለውም። እኔ ግን ወንበሬን አንስቼ ወጣሁ። ቁም ሣጥኔንና ሣጥኔን ተከትለው አወጡ። ያን ጊዜ ነው የታየን። የእኔ ጥግ! ሙሽራዋን ወደ ጥጉ ገፏት፣ ልክ ገባች። ደምሴ በመሐሉ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዞረ። ትንፋሹን ሳያስወጣ። አንድ ወር ያህል ማን ይውጣ ማን ይቅር ስል፣ ትርፉ ዕቃ እኔ የተቀመጥኩበት ኖሯል።

ቅዳሜ አቶ ካሳሁን ፒናቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ አገኙኝ። «ምነው እትዬ፣ ከገዛ ቤትዎ ማን አስወጣዎት?»

«ብዙ አጥፍቼ ነው» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

የምመለስበትን ቀን አስልቼዋለሁ። የምገባው ደምሴ ከእኔ ጋር ሲተካከል ነው፤ አሥራ አንድ ይቀረዋል። አሥራ አንድ ለማበላሸት ከዚህ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። እኔ አሁን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ዘጠና ሰባት ሲሞላኝ እገባለሁ። ክረምቱ ሲገባ ደምሴ በላዬ ቆርቆሮ አለበሰልኝ፤ ሜሮን መስኮቱን እያየሁ እንድውል ወንበሬን አዞረችልኝ። መስቀሏ ከውስጥ፣ በሩ ላይ ተሰቅላለች፤ ከሴንሰሯ ምን ያህል እንደምትርቅ ደምሴ ለክቶ ነው የሰቀላት።

ትናንት አንድ ሰውዬ አህያውን በራችን ላይ አቁሞ መንገድ ዘጋ። እኔም «አንተ! መንገዱን የአባትህ ርስት አደረግኸው?» ብዬ በሙሉ ድምፄ ለቀቅሁት። ወዲያው ከውስጥ የደምሴ ቶርኖ ቀጥ አለ። ዝምታ ሆነ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። የተበላሸ ብረት ዝምታ ነው። ልቤ ዘለለች፤ አንድ ተቀነሰልኝ!

በመስኮቱ ብቅ አልኩ። «ደምሴ! ስቀለው!»

ደምሴ የተበላሸውን ብረት በእጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። አላፈረም፣ አልተቆጣም። መነጽሩን አወለቀ።

«እሰቅላለሁ እትዬ። ግን እርስዎ ሲጮኹ ደንግጬ ነው እጄ የሳተው።»

ከኋላው ሜሮን ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አህያው ያየኛል። ባለ አህያው ያየኛል። እኔም ብረቱን አየሁ፤ እውነትም በመሐሉ፣ ልክ እንደ ጩኸቴ ርዝመት፣ አንድ ጥልቅ ጭረት አለው።

እጄን በመስኮቱ ዘረጋሁ።

«አሥራ አራተኛዬ ነው፤ ካርቶኑንና እርሳሱን ወዲህ በል» አልኩት።